ወቅቱን የጠበቀ ገንዘብና አብሮ የሚሄድ መካሪ

(በተማሪዎች አንድነት ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)





የማኅበሩ ኮሚቴ በዛሬው ስብሰባ ላይ በእርሻና በምግብ ረገድ አዲስ ነገር ለመሥራት ስለሚደክሙ ወጣት ተመራማሪዎች እንድናገር ሲጠይቀኝ፥ በመጀመሪያ አመንትቼ ነበር። በምርምር ስም ያተረፉ ታላላቅ መምህራን በመካከላችን ተቀምጠው ሳሉ፥ ትናንት ከእናንተ መካከል ተነሥቼ ዛሬ ረዳት መምህር የሆንሁት እኔ ምን አዲስ ነገር እነግራችኋለሁ ብዬ ነው። በኋላ ግን ሳስበው፥ ሥራው ያልተሳካለት ሰውም የሚናገረው አለው አልሁና መጣሁ። ስለዚህ ንግግሬን የምጀምረው በራሴ ስሕተት ነው። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የመረጥሁት ጥናት የቲማቲም ማቆያ ነበር። በስምጥ ሸለቆ በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች ቲማቲማቸው ባንድ ጊዜ ይደርስባቸዋል። ነጋዴው በተመነላቸው ዋጋ ካልሸጡት በጥቂት ቀን ውስጥ በማሳው ዳር ይበሰብሳል። እኔም ግድግዳዋ በሁለት ረድፍ ሽቦ መካከል በከሰል የተሞላ፥ ከሰሉም ውሃ እየተርከፈከፈበት ሁልጊዜ ርጥብ የሚሆን አንዲት አነስተኛ ቤት ለመሥራት አሰብሁ። ነፋሱ በርጥቡ ከሰል ውስጥ ሲያልፍ ውሃውን ያተነዋል፤ ውሃውም ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ የቤቲቱ ውስጥ ይቀዘቅዛል። ይህ ብልሃት የእኔ ግኝት አይደለም፤ እናቶቻችን የመጠጥ ውሃ በእንስራ የሚያቀዘቅዙበት ሕግ ነው። የእኔ ድርሻ ለገበሬው አቅም በሚስማማ ዋጋና መጠን ሠርቶ መፈተን ብቻ ነበር።

ዕቅዱ በጥቅምት ጸደቀልኝ። ገንዘቡ ግን ሦስት ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ፥ የፕሮፎርማው ጊዜ አልፎበት እንደ ገና ሲሰበሰብ፥ የሚፈርመው ሲገኝ ማኅተሙን የያዘው ሲታጣ፥ በሰኔ አጋማሽ እጄ ገባ። የበጀቱ ዓመት በሰኔ 30 ስለሚዘጋ በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ በሥራ ላይ ካላዋልሁት ተመላሽ እንደሚሆን ተነገረኝ። ከሰል ገዛሁ፤ ሽቦ ገዛሁ፤ አናጢ ቀጠርሁ፤ ቤቲቱም በሐምሌ ቆመች። ቆመች እንጂ አልቀዘቀዘችም። በክረምት አየሩ ራሱ በርጥበት የተሞላ ስለ ሆነ ከከሰሉ የሚተነው ውሃ ጥቂት ነው፤ ውሃው ካልተነነ ደግሞ ቅዝቃዜ የለም። ለሙከራው የተጠቀምሁበትም ቲማቲም ከዚያ ማሳ የተለቀመ ሳይሆን ከገበያ ገዝቼ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ጭኜ የወሰድሁት ነበር።

አማካሪዬ ደግ ሰው ነበሩ። ዳሩ ግን በዚያ ዓመት ከሃያ በላይ ተማሪ ተመድቦባቸው ስለ ነበር በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ቁጭ ብለን ተነጋገርን፤ ሁለቱንም ጊዜ የተነጋገርነው ስለ ዋቢ መጻሕፍት አጻጻፍ ነው። ጽሑፌን አቀረብሁ፤ ጥሩ ማዕርግ ተሰጠኝ፤ ጽሑፉም ተጠርዞ በመደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያ መንደር ሳልፍ፥ ቤቲቱን በግቢያቸው እንድሠራ የፈቀዱልኝን እናት ልጠይቃቸው ገባሁ። ቤቲቱ የዶሮ ቤት ሆናለች። አፍሬ ቆምሁ። እርሳቸው ግን ቡና አፍልተው ካስቀመጡኝ በኋላ፥ «ልጄ፥ የሚነግርህ ሰው አጥተህ ነው እንጂ፥ እንስራስ በክረምት መቼ ያቀዘቅዛል? በበጋ ብትመጣ ኖሮ ምን ነበረበት?» አሉኝ። ለሁለት ዓመት ድካሜ የጎደለው ያ አንድ ቃል ነበር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤

ይህን ታሪክ የነገርኋችሁ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። በእኔ ላይ የደረሰው በብዙዎቻችሁ ላይ እየደረሰ ስለ መሆኑ ጥርጥር የለኝም። ስለ ምርምር ስንነጋገር ሁልጊዜ የምናነሣው የገንዘብን ማነስ ነው፤ ማነሱም እውነት ነው። በ2006 የአፍሪካ አገሮች መንግሥታት በካርቱም ባደረጉት ስብሰባ እያንዳንዱ አገር ከጠቅላላ ምርቱ ቢያንስ ከመቶ አንድ እጁን ለምርምር እንዲያውል ተስማምተው ነበር፤ አብዛኞቹ ግን እስከ ዛሬ ከዚያ አልደረሱም። ሆኖም የእኔ ቲማቲም የበሰበሰው ገንዘብ ስላነሰ አልነበረም። ገንዘቡ ሳይጎድል ወቅቱ አለፈ፤ አማካሪ ተመድቦልኝ ሳለ መካሪ አልነበረኝም። አማካሪ ጽሑፍ አርሞ የሚፈርም ነው። መካሪ ግን ከማሳው ዳር አብሮ ቆሞ፥ «ይህ በዚህ ወር አይሆንም» የሚል ነው።

መካሪ ምን ሊያደርግ እንደሚችል የፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ታሪክ ይመሰክራል። ፕሮፌሰር ገቢሳ በ1950 በወሎንኮሚ አካባቢ በሣር ጎጆ ውስጥ የተወለዱ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው እሑድ እሑድ 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጉዘው ትምህርት ቤት ይሄዱና ዓርብ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። ከጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ወደ ዓለማያ ኮሌጅ አልፈው በ1973 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። በዚያው ዓመት አንድ የኮሌጅ መምህራቸው፥ ፐርዱ ከሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ከመጡት የማሽላ ሊቅ ከዶክተር ጆን አክስቴል ጋር አስተዋወቋቸው። አክስቴልም የማሽላ ዘር ለመሰብሰብ በአገሩ ውስጥ ሲዘዋወሩ ወጣቱን ይዘዋቸው ሄዱ። የሥራቸውን ትጋት በዓይናቸው ካዩ በኋላም በፐርዱ እንዲማሩ ጠሯቸው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። ፕሮፌሰር ገቢሳ በ1979 ወደ ሱዳን ሄደው መሥራት ጀመሩ፤ በ1983 ሐጊን ዱራ አንድ የተባለውን ድርቅ የሚቋቋም ድቅል ማሽላ አስገኙ። በማሳ ሙከራው ላይ ከነባሩ ዘር ከ50 እስከ 100 በመቶ የበለጠ ምርት ሰጥቷል። ቀጥለውም የማሽላን ሥር እየመጠጠ ገበሬውን ባዶ እጁን የሚያስቀረውን አቀንጭራ የሚቋቋም ዘር ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር አወጡ፤ በ1994 የዚህ ዘር 8 ቶን ለ12 የአፍሪካ አገሮች ታደለ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው።

እኔ ግን ትኩረታችሁን ወደ ታሪኩ መጀመሪያ እመልሳለሁ። የነገሩ ቅደም ተከተል እንዴት እንደ ነበር ልብ በሉ። በመጀመሪያ አንድ መምህር ተማሪውን ወስዶ ከሊቅ ጋር አስተዋወቀ። ሁለተኛ፥ ወጣቱና ሊቁ በአንድ መንገድ ሄዱ፤ በማሳ ውስጥ አብረው ዋሉ። የትምህርት ዕድሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያ መምህር ያወጣው ገንዘብ የለም፤ ያደረገው ማስተዋወቅ ነው። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ አንድ ቀን የሚጠብቅ ሰው እንደሚኖር እርግጠኛ ነኝ፤ ያን ቀን የሚሰጡት መምህራንም በፊቴ ተቀምጠዋል።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ጤፍ ነው። የጤፍ አበባ በዓይን ለማየት የምታስቸግር እጅግ ትንሽ ናት፤ ከራሷ ብናኝ ስለምታፈራም ሁለት የጤፍ ዝርያ ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ለብዙ ዘመን ሲታመን ኖሯል። ስለዚህ የጤፍን ዘር ማሻሻል ማለት ገበሬው ካለው መካከል የተሻለውን መምረጥ ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባዋን ከንጋት ጀምረው ሲከታተሉ፥ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ እስከ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ለአጭር ጊዜ እንደምትከፈት ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ ማዳቀል ተቻለ። በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ምርቱ ብዙ የሆነውን አንድ ዝርያ ፍሬው ነጭ ከሆነው ከሌላው ጋር በማዳቀል ቁንጮ የተባለው ዘር ተገኘና በ2006 ለገበሬው ተለቀቀ።

ከአበባዋ መከፈት እስከ ቁንጮ መለቀቅ 30 ዓመት ያህል አልፏል። በዚያ ዘመን ውስጥ ሥራውን የጀመሩት ለሚቀጥሉት አስረከቡ፤ የሚቀጥሉትም ከዜሮ አልጀመሩም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለተመራማሪ የተነገረ ይመስለኛል። እኛ ግን የአንድ ተማሪ ጥናት ከተማሪው ጋር ተመርቆ የሚሄድ አድርገነዋል። ሦስት ዓመት አልፎ ሌላ ተማሪ ያንኑ ርእስ አዲስ አስመስሎ ይጀምራል፤ የፊተኛው የት ላይ እንደ ተሰናከለ የሚነግረው የለም። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እንደሚባለው ሆነናል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ወቅት ልመለስ። የመንግሥታችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። የገበሬው ዓመት ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል። ለመኸር የሚዘራ ሙከራ ያለው ተማሪ ዘሩን፥ ማዳበሪያውንና የውሎ አበሉን በግንቦት እጁ ውስጥ ማግኘት አለበት። በሐምሌ የሚጀምር በጀት ተደልድሎና ጸድቆ እስኪወርድ ድረስ የዘር ጊዜ ያልፋል፤ እስከሚቀጥለው ግንቦት ልቆየው ቢል ደግሞ የመዝጊያው ጊዜ ደርሶ ሒሳብ ክፍሉ አወራርድ ይለዋል። ስለዚህ ተማሪው ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ያለ ወቅቱ ይዘራል፥ ወይ ማሳውን ትቶ በቤተ ሙከራ ውስጥ የሚያልቅ ርእስ ይፈልጋል። ይህ የማንም ሰው ክፋት አይደለም። የሒሳብ መዝገብና የዝናም ደመና ተነጋግረው ስለማያውቁ የመጣ ነው። ሊያነጋግራቸው የሚገባው ግን ማን ነው? የሚጎዳው ማለትም እኛው ነን።

ሌሎች ለዚህ ችግር ምን እንዳደረጉ ብንመለከት የምንማረው አለ። በ1972 በስቶክሆልም የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ድርጅት ለብዙ ዓመታት በየአገራቸው ለሚሠሩ ወጣት ሳይንቲስቶች እስከ 12 ሺህ ዶላር የሚደርስ አነስተኛ እርዳታ ሲሰጥ ኖሯል። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ወጣቱ በራሱ ስም የሚያዝበትና በራሱ ጥያቄ ላይ የሚያውለው ነበር። በ2004 በ10 ዩኒቨርሲቲዎች ተመሥርቶ ማዕከሉን በካምፓላ ያደረገው ሩፎረም የተባለው የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ደግሞ ለመምህሩ የምርምር ገንዘብ ሲሰጥ፥ መምህሩ በዚያው ሥራ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች እንዲያሠለጥን ያስገድደዋል። እንዲህ ሲሆን መምህሩና ተማሪው በአንድ ማሳ ላይ ይገናኛሉ። በ2008 ናይሮቢ ላይ ሥራውን የጀመረውና በእርሻ ምርምር ላይ ለተሰማሩ አፍሪካውያት ሴቶች የቆመው አዋርድ የተባለው ድርጅት፥ ለእያንዳንዷ ተመራማሪ በዕውቀት የበለጠ መካሪ ይመድብላታል፤ እርሷም በተራዋ ለታናሿ መካሪ እንድትሆን ይጠይቃታል። ይህ የመጨረሻው በጣም ደስ ያሰኘኛል። ምክር እንደ ዕቁብ ተራውን ጠብቆ ለሁሉም ይደርሳል ማለት ነውና።

አንዳንድ ጓደኞቼ፥ «አሁን እኮ የፈጠራ ውድድር አለ፤ ያሸነፈ ይሸለማል፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» ይሉኛል። ውድድርን አልጠላም። ነገር ግን የውድድር ሽልማት የሚሰጠው በመድረክ ላይ አሳምሮ ለተናገረ ነው፤ ደግሞም የሚሰጠው በአንድ ቀን ነው። አዲስ የዳቦ ዱቄት ለማውጣት፥ የእንጀራ እርሾን ጠባይ ለማጥናት፥ ወይም ሽምብራን ከነቀዝ ለማዳን የሚደክም ሰው የሚያስፈልገው ከጭብጨባው በኋላ ባለው ማክሰኞ ሥራው ሲበላሽበት በሩን የሚያንኳኳበት ሰው ነው።

ይህ ጉዳይ የተማሪ ቅሬታ ብቻ እንዳይመስላችሁ ሁለት ነገር ላስታውሳችሁ። የመጀመሪያው የእንሰት ነገር ነው። ዳኛቸው ይርጉ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ብራድበሪ ከተባሉት ሳይንቲስት ጋር ሆነው የእንሰት አጠውልግ በሽታን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ለይተው በ1968 አሳተሙ። ከ33 ዓመት በኋላ፥ በ2001፥ ያው በሽታ በዩጋንዳ በሙዝ ላይ ሲታይ፥ ጠላቱ ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ የታወቀው በእኛ አገር እንሰት ላይ ስለ ተጠና ነው። ሁለተኛው የጤፍ ነገር ነው። አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን እንደ ራሱ ፈጠራ አስመዝግቦ በ2007 በአውሮፓ የባለቤትነት መብት አገኘ። የሔግ ፍርድ ቤት አዲስ የፈጠራ ብልሃት የለበትም በማለት በሆላንድ የተመዘገበውን መብት የሻረው በ2018 ነው። እንዲህ ያለ ክርክር የሚረታው አስቀድሞ በተጻፈና በታተመ ማስረጃ ነው። እናቶቻችን የሚያውቁትን ልጆቻቸው በጊዜው መርምረው ካልጻፉት፥ ሌላው ጽፎ የእኔ ነው ሲል የምንከራከርበት ወረቀት አይኖረንም። በመደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣ ጽሑፍ ደግሞ ካልተጻፈው ብዙም አይሻልም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ለዚህ ስብሰባ አራት ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ ማኅበራችን አንዲት አነስተኛ የምርምር ሣጥን ያቋቁም። ገንዘቡ ከአባልነት መዋጮና ተመርቀው ሥራ ከያዙ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይሰብሰብ። ከዚህ ሣጥን ቤተ ሙከራ ለመሥራት አናስብም፤ ወደ መንደር መሄጃ የአውቶቡስ ዋጋ፥ አንድ ቴርሞሜትር፥ አንድ ኩንታል ከሰል ይበቃናል። ለመኸር ሙከራ በሚያዝያ፥ ለመስኖ ሙከራ በመስከረም ይሰጥ። ሦስት ሰዎች ይፍረዱበት፤ ተቀባዩም በደረሰኝ ያወራርድ።

ሁለተኛ፥ የመካሪዎች መዝገብ ይከፈት። ፈቃደኛ የሆኑ መምህራን ስማቸውን ያስመዝግቡ፤ አንዱ መካሪ ከሦስት ተማሪ በላይ አይያዝ፤ በየወቅቱም ቢያንስ አንድ ጊዜ ከተማሪው ጋር ማሳው ወይም ወፍጮ ቤቱ ድረስ ይሂድ። በዚህ መዝገብ ውስጥ መምህራን ብቻ እንዲገቡ አልፈልግም። ዘር መርጦ የሚያስቀምጥ ገበሬ፥ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ባለሙያ፥ የዘይት መጭመቂያ ያለው ሰው ይግቡበት። የእኔን ጥናት ያረሙልኝ እናት ዲግሪ አልነበራቸውም።

ሦስተኛ፥ ለዩኒቨርሲቲው አስተዳደር በአክብሮት የተጻፈ ማመልከቻ እናቅርብ። ለማሳ ሥራ የተፈቀደ ገንዘብ ሙከራው እስኪያልቅ ድረስ ከዓመት ወደ ዓመት የሚተላለፍበት መንገድ እንዲፈለግለት እንጠይቅ። እንዲሁም መምህራን ተማሪን በመምከር የሚያጠፉት ጊዜ ለደረጃ ዕድገት እንዲቈጠርላቸው እናመልክት። መምህሮቻችን በብዙ ሥራ ተጠምደዋል፤ ምክራቸውን በነጻ እየጠየቅን ድካማቸውን የማይቈጥር ደንብ ዝም ብለን ማየት አይገባንም።

አራተኛ፥ ይህችው ጋዜጣችን በየወሩ አንድ ገጽ ላልተሳካ ሥራ ትስጥ። ምን እንደ ተሞከረ፥ ለምን እንዳልሆነ፥ ቀጥሎ የሚመጣው ከየት እንዲጀምር ባጭሩ ይጻፍበት። የመጀመሪያውን ገጽ የእኔ የቲማቲም ቤት ይያዘው፤ ጽሑፉን አዘጋጅቼ ለአዘጋጁ ሰጥቻለሁ። የከሰሉን መጠን፥ የሽቦውን ዋጋ፥ የሐምሌን የአየር ርጥበት ሁሉ ታገኙበታላችሁ።

የተከበራችሁ መምህራን፤ የምንለምናችሁ አንድ ቀን ነው። ጫማችሁን ለጭቃ ፈቅዳችሁ ከአንዱ ተማሪያችሁ ጋር አንድ ቀን ዋሉ።

እናንተም ጓደኞቼ፤ መካሪ እስኪመጣላችሁ ተቀምጣችሁ አትጠብቁ፤ ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ። ነገ በተራችሁ በራችሁ ሲንኳኳ ደግሞ ተነሥታችሁ ክፈቱ።

እኔ በሚመጣው ጥቅምት ዝናሙ ሲያባራና አየሩ ሲደርቅ ወደዚያ መንደር ተመልሼ ቤቲቱን እንደ ገና ለመሥራት ቈርጫለሁ። ሁለት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች አብረውኝ ለመሄድ ተመዝግበዋል። እመቤቲቱም ዶሮዎቹን ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር ፈቅደዋል፤ በዚህ ጊዜ ግን ከሥራው በፊት ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ።